ድመታችሁ ምግብ ስታቆም፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ምርመራና እስከ ምግብ ቱቦ

ድመት የታመመችባቸው ሰዎች በአብዛኛው የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ መጠበቅ ነው። «ዛሬ ደብሯት ነው፣ ነገ ትበላለች» ሲባል ሦስት ቀን ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ከደነገጡ በኋላ ያገኙትን ሁሉ በግድ አፏ ውስጥ መጨመር ነው። ሁለቱም ድመት ይገድላሉ።

ድመት ሳትበላ ስትቆይ ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ ወደ ጉበት ይልካል። የድመት ጉበት ግን ይህን ሁሉ ስብ ማስተናገድ ስለማይችል እሱም በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ በተለይ ወፍራም ድመቶች ላይ ይከፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በሽታ ምንነት ሳታውቁ ሁለተኛ በሽታ እንዳይጨመርባት ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ያዙ። «የትኛው ምግብ ይሻላታል?» የሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነው፤ እዚህ ግን መጨረሻ አካባቢ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 1፦ አሁኑኑ መሄድ አለባት ወይስ ጊዜ አላት?

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ውሰዷት፤ ቀሪውን መመሪያ በኋላ ታነቡታላችሁ።

- ወንድ ድመት አሸዋ ሳጥኑ ላይ እየተመላለሰ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው። ብዙ ሰው ይህን የሆድ ድርቀት ይመስለዋል። የሽንት ቧንቧው ሲዘጋ ደም ውስጥ ፖታሺየም ይከማችና ልብ ያቆማል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።
- አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ተኝታ ሳለ በደቂቃ ከ40 በላይ የምትተነፍስ ከሆነ።
- ድዷ ከነጣ፣ ከጠቆረ፣ ወደ ሰማያዊ ካደላ ወይም ቢጫ ከሆነ።
- የኋላ እግሮቿ ድንገት ከከዱና ከቀዘቀዙ፣ በሥቃይም የምትጮህ ከሆነ።
- ሊሊ አበባ ከነከሰች። ቅጠሉም፣ ብናኙም፣ የተቀመጠበት ውኃም ኩላሊቷን ያጠፋል።
- ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ከዋጠች፤ ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ከነካትም እንዲሁ።
- ከተንቀጠቀጠች፣ ራሷን ከሳተች፣ ወይም ሙቀቷ ከ37.5 ዲግሪ በታች ወይም ከ40 በላይ ከሆነ። ጤነኛ ድመት በ38 እና በ39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ናት።

ትንፋሽ ለመቁጠር እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠብቁ። ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። ከ30 በታች ጤነኛ ነው። ከ30 እስከ 40 ያለውን በየሰዓቱ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ካልቀነሰ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሰዓቱን ቁጠሩ። ትልቅ ድመት 24 ሰዓት ምንም ካልቀመሰች ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። 48 ሰዓት ከሞላት መታየት አለባት። ግልገል ድመት 12 ሰዓት እንኳ አትጠበቅም። «ትንሽ ትንሽ ትልሳለች» የሚለውም አያዘናጋችሁ፤ ከወትሮዋ ግማሹን እንኳ ሳትበላ ሦስት ቀን ካለፈ አልበላችም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ሚዛንና ደብተር

ሐኪም ቤት ከመሄዳችሁ በፊትም በኋላም የሚያድናችሁ ይህ ነው። የሰው መመዘኛ ሚዛን ትንሽ ለውጥን በትክክል አይለይም። የሕፃን ሚዛን ወይም ትልቅ የኩሽና ሚዛን ፈልጉ። ሳጥን ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ ድመቷን አግቡ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝኑ።

4 ኪሎ የነበረች ድመት 3.6 ኪሎ ስትሆን በዓይን ልዩነቱ አይታይም። ነገር ግን ከሰውነቷ አንድ አሥረኛውን አጥታለች፤ 70 ኪሎ የሆነ ሰው 7 ኪሎ እንደቀነሰ ማለት ነው።

ደብተሩ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የቀረበ ምግብ በግራም፣ የተረፈ በግራም፣ ሽንት ስንት ጊዜና ምን ያህል፣ ዓይነ ምድር፣ ትውከት፣ መድኃኒት በስንት ሰዓት። እርጥብ ምግብ ሳህን ላይ ሲቆይ ስለሚደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የተረፈውን በቶሎ ካልመዘናችሁት ያልበላችውን በላች ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሌላ ድመት ካለ የታመመችውን ለብቻዋ ክፍል ውስጥ አድርጉ፤ ያለዚያ ማን እንደበላና ማን እንደሸና አታውቁም።

ከዚያ እንዴት እንደምትተው ተመልከቱ፤ መተው ሁሉ አንድ አይደለምና።

- ወደ ሳህኑ መጥታ፣ አሽትታ፣ ከንፈሯን ልሳና ምራቅ ውጣ ዞር ካለች፦ አቅለሽልሿታል።
- መብላት እየፈለገች ጎርሳ የምትጥል፣ ራሷን የምታዘነብል ወይም የምትጮህ ከሆነ፦ ጥርሷን ወይም አፏን አሟታል።
- ከተኛችበት የማትነሣ ከሆነ፦ ትኩሳት፣ ሕመም ወይም ድካም ነው።
- በደንብ እየበላች የምትከሳ ከሆነ፦ የታይሮይድ ዕጢ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ከልክ በላይ መሥራት፣ ስኳር ወይም የአንጀት በሽታ ይጠረጠራል።

ይህን በስልክ ቅረጹት። ቤት ውስጥ የምታሳልና የምታነክስ ድመት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ከፍርሃት የተነሣ ምንም እንዳልሆነች ሆና ትቆማለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቤታችሁ የመድኃኒት ሳጥን ምንም አትስጧት። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚሰባብርበት መንገድ በጣም ደካማ ስለሆነ አንድ እንክብል ሊገድላት ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሐኪም ቤት

ማጓጓዣ ሳጥኑን አስቀድማችሁ ክፈቱት፣ የለመደችውን ጨርቅ አንጥፉበት፣ ስትሄዱም ላዩን በፎጣ ሸፍኑት። ደብተሩን፣ ቪዲዮውን፣ የምግቧን ማሸጊያ ፎቶና የምትወስደውን መድኃኒት ያዙ። «ለደም ምርመራ ጾማ ትምጣ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ ውሳኔ አታስርቧት፤ በተለይ ስኳር ያለባትንና ግልገሏን።

የደምና የሽንት ምርመራ በአንድ ቀን ይሠራ። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሽንቱን ያስቀርና የደሙ ውጤት ትርጉም ያጣበታል። ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከፍ ያለው ኩላሊት ስለታመመ ነው ወይስ ውኃ ስላነሳት? የሚመልሰው የሽንቱ ውፍረት ነው፤ የሚለካውም ከውኃ ጋር ተነጻጽሮ ነው (ንጹሕ ውኃ 1.000 ነው)። ከ1.035 በላይ ከሆነ ኩላሊቷ ውኃ መቆጠብ ይችላል ማለት ነው፤ በደንብ ከቀጠነ ግን ጥርጣሬው ወደ ኩላሊት ያደላል።

ዕድሜዋ ከ7 ዓመት በላይ ከሆነ የታይሮይድ ሆርሞንና የደም ግፊት እንዲለካ ጠይቁ። የላይኛው ግፊት 160 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይኗን ሊያሳውር ስለሚችል ሐኪሙ እንደገና ለክቶ ያረጋግጠዋል። ስኳሯ ከፍ ካለም ወዲያው አትደንግጡ፤ ድመት ስትፈራ ብቻ የደም ስኳሯ ይወጣል። ሽንቷ ውስጥ ስኳር መኖሩና ፍሩክቶሳሚን የሚባለው ምርመራ ይለየዋል።

ኤፍአይፒ የሚባለው የድመት ኮሮና ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ ከተጠረጠረ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ድመቶችም ይኖራቸዋል። ሁለተኛ፣ ድሮ በሽታው ማለት ሞት ነበር። በ2019 የታተመ ጥናት ላይ ጂኤስ-441524 የሚባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት የተሰጣቸው አብዛኞቹ ድመቶች ድነዋል፤ የተለመደው ሕክምና 12 ሳምንት ነው። መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ስትወፍር መድኃኒቱም መጨመር አለበት። ስለዚህ «ምንም አይደረግም» ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ከክፍሉ ሳትወጡ እነዚህን ጠይቁና መልሱን ጻፉ፦

1. «ዶክተር፣ ምን ምን እየጠረጠሩ ነው?»
2. «የዚህ ምርመራ ውጤት ሕክምናውን ይለውጠዋል ወይስ ቢወጣም ባይወጣም አንድ ነው?» አቅማችሁ ውስን ከሆነ ይህ ጥያቄ ገንዘባችሁን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያውልላችኋል።
3. «ለማቅለሽለሽና ለሕመም የሚሆን መድኃኒት አግኝታለች?»
4. «በቀን ስንት ኪሎ ካሎሪ ትውሰድ?»
5. «ከስንት ሰዓት በኋላ ካልበላች ልመልሳት?»

የውጤቶቹን ቅጂ ተቀበሉ። ሁልጊዜ።

ደረጃ 4፦ የቀን ድርሻዋን አስሉ

ክብደቷን በኪሎ በ30 አባዙና 70 ጨምሩ። 3 ኪሎ ከሆነች 160፣ 4 ኪሎ ከሆነች 190፣ 5 ኪሎ ከሆነች 220 ኪሎ ካሎሪ። ስሌቱ ከ2 ኪሎ በታች ለሆነች አይሠራም። ወፍራም ብትሆንም አሁን ባላት ክብደት አስሉ፤ የታመመች ድመት የምትከሳበት ጊዜ አይደለም።

ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካልበላች በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን አትስጡ። አንድ ሦስተኛ፣ በማግስቱ ግማሽ፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት አራተኛ፣ በአራተኛው ሙሉ። በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጥ። የተራበ ሰውነት ድንገት ሲጠግብ የደም ፎስፈረስና ፖታሺየም ያሽቆለቁላል፤ ይህም ራሱ ገዳይ ነው። በእነዚህ ቀናት የበለጠ ከደከመች፣ አንገቷ ከደፋ ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ ምግቡን አቁማችሁ ውሰዷት።

ደረጃ 5፦ ራሷ እንድትበላ አድርጉ

1. መጀመሪያ የማቅለሽለሽ መድኃኒቷን ስጡና ሐኪሙ ያለውን ያህል ጠብቁ። ሆዷ እየተገላበጠ ሳህን ማቅረብ ምግቡን እንድትጠላው ማስተማር ነው።
2. አፍንጫዋ ከታፈነ በለብታ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ እንፋሎት ያለበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ 10 ደቂቃ አብራችኋት ተቀመጡ። ድመት ያላሸተተችውን አትበላም።
3. እርጥብ ምግቡን ወደ 37 ወይም 38 ዲግሪ አሙቁ፣ በደንብ አማስሉ፣ በእጃችሁ አንጓ ሞክሩት።
4. ጢሟን በማይነካ ሰፊ ዝርግ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ አድርጉ። ከአሸዋ ሳጥኑና ከሌሎች እንስሳት ይራቅ።
5. ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አትለምኗት፣ ሳህኑን ይዛችሁ አትከተሏት።
6. በ20 ደቂቃ ካልነካችው አንሡት። ከሁለት ሰዓት በኋላ አዲስ አቅርቡ።

ከንፈሯን መላስና ምራቅ መዋጥ ከጀመረች ሳህኑን ከክፍሉ አውጡና ለሐኪሙ ስለ ማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ደውሉ። የምግብ ፍላጎት የሚከፍቱ ሚርታዛፒንና ካፕሮሞረሊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚታዘዙት በሐኪም ነው፣ ኩላሊቷ ወይም ጉበቷ የታመመ ከሆነም መጠኑ ይስተካከላል።

መድኃኒት በምትወደው ምግብ ውስጥ አትደብቁ። እኔ አድርጌዋለሁ። የመጨረሻዋን የምትወደውን ምግብ ነበር ያበላሸሁባት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሽታው ሲደርሳት ከክፍሉ ትወጣ ነበር። መድኃኒት በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ቦታ፣ ከተቻለም በሌላ ሰው እጅ ይሰጥ።

በዚህ ደረጃ ዋናው ነገር መብላቷ ነው፤ የለመደችው ተራ የድመት ምግብ ይበቃል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን በዱቄት መልክም ቢሆን የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የታሸገ የሕፃን ምግብና ሾርባ ስትሰጡ ማሸጊያውን አንብቡ። ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

ደረጃ 6፦ ሲሪንጅ፣ ከነወሰኑ

ሲሪንጅ የአንድና የሁለት ቀን መሸጋገሪያ ነው። የምትሞክሩትም ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ንቁ ከሆነች፣ በደንብ የምትውጥ ከሆነ፣ ካላስመለሳትና ትንፋሿ ደህና ከሆነ ብቻ ነው።

1. ምግቡን ፍጹም እስኪልም ፈጩት፣ በለብታ ውኃ አቅጥኑት።
2. በደረቷ እንደተኛች ፎጣ ላይ አድርጓትና ከኋላዋ ሁኑ። ራሷ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ወደ ላይ አታቅኑት፣ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል።
3. የሲሪንጁን ጫፍ ከክራንቻዋ ኋላ ባለው ክፍተት በጎን አስገቡ።
4. ግማሽ ወይም 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ስጡ። ስትውጥ እዩ። ከዚያ ቀጣዩን።
5. ለ4 ኪሎ ድመት የመጀመሪያው ማዕድ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ካሳላት፣ በአፍንጫዋ ከወጣ፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይም ከታገለቻችሁ አቁሙ። በቀጣዮቹ ሰዓታት ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ካተኮሳት ምግብ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ይሆናልና በዚያው ቀን ውሰዷት።

እስቲ አስሉት፦ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ኪሎ ካሎሪ ያለው ምግብ ቢሆን ለ4 ኪሎ ድመት 190 ጉርሻ ነው፣ በየቀኑ። ይህን በሲሪንጅ የሚዘልቅ ሰውም ድመትም የለም። ሁለት ቀን ሞክራችሁ ግማሹን ካልደረሳችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ፤ ድካማችሁ ስንፍና አይደለም።

ስለ እንክብል አንድ ነገር፦ ደረቅ እንክብል ከሰጣችሁ ሁልጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ በዝግታ አስከትሉ። በተለይ ዶክሲሳይክሊን የምግብ ቧንቧዋ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያቃጥለዋል፤ ቧንቧው ጠቦ ሊቀርም ይችላል።

ደረጃ 7፦ የምግብ ቱቦ

ሐኪሙ ስለ ቱቦ ሲያነሣ ብዙ ሰው «እንግዲህ አለቀላት» ብሎ ይሰማዋል። እኔም እንዲሁ ተሰምቶኝ አራት ቀን አዘገየሁት፤ እስካሁን የምጸጸተው በእነዚያ ቀናት ነው። በአጭር ማደንዘዣ በአንገቷ ጎን ገብቶ ወደ ምግብ ቧንቧዋ የሚወርድ ለስላሳ ቱቦ ነው። ምግቡም፣ ውኃውም፣ አብዛኛው መድኃኒትም በእሱ ይሄዳል፤ አፏን ለማስከፈት ትግል የለም። ቀድማችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ በጣም ከደከመች በኋላ ማደንዘዣው ራሱ አደጋ ይሆናል።

አሰጣጡ፦

1. እጃችሁን ታጠቡ። ምግቡን በወንፊት አጥልሉና ለብ አድርጉ።
2. በመጀመሪያ 5 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በዝግታ አስገቡ። ካሳላት አቁሙ፤ ቱቦው ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ሳታስገቡ ደውሉ።
3. ምግቡን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስጡ። ከንፈሯን ከላሰች ለጥቂት ደቂቃ ቆም በሉ።
4. መድኃኒት ለብቻው በውኃ ሟሙቶ ይሰጥ። የማይፈጩ እንክብሎች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
5. ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ አጥባችሁ ክደኑት። ይህን መርሳት ነው ቱቦን የሚደፍነው።

ከተደፈነ ለብ ያለ ውኃ ይዛችሁ በሲሪንጁ በቀስታ ገፋ ሳብ አድርጉ፤ በኃይል አትግፉ። ካስመለሳት ማዕዱን አቁሙ፣ ቀጣዩን በግማሽ መጠንና በግማሽ ፍጥነት ስጡ። ቱቦው ራሱ ከአፏ ከወጣ ወይም ከተነቀለ መልሳችሁ ለመክተት አትሞክሩ፤ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ውሰዷት። ቀዳዳውን በየቀኑ እዩ፦ ጥቂት እርጥበት ያለ ነው፤ መግል፣ ሽታና እብጠት ግን ሐኪም ይፈልጋል።

ከእያንዳንዱ ማዕድ በፊት ሳህን አቅርቡላት፤ ቱቦው ሳለም መብላት ትችላለች። ጉበቷ በስብ የተጎዳ ድመት ለብዙ ሳምንታት በቱቦ ልትመገብ ትችላለች። የሚወጣው ሙሉ ድርሻዋን በራሷ አፍ በልታ፣ በቱቦ ምንም ሳይጨመርላት ክብደቷ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይወርድ ሲቆይ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ስላስደሰታችሁ አታስወጡት።

ደረጃ 8፦ አሁን የበሽታው ምግብ

ኩላሊት፦ ፎስፈረሱ የቀነሰ ምግብ ይረዳታል። የሚጀመረው ማቅለሽለሹ ከቆመና በደንብ መብላት ከጀመረች በኋላ ነው። ከቀድሞው ምግብ ጋር አንድ አሥረኛ እየቀላቀላችሁ በ3 ወይም 4 ሳምንት ቀይሩ። ፈጽሞ እምቢ ካለች የለመደችውን እየበላች ፎስፈረስ የሚይዝ መድኃኒት እንዲታዘዝላት ጠይቁ። የማይበላ ትክክለኛ ምግብ ከሚበላ ተራ ምግብ አይሻልም።

ስኳር፦ ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ እርጥብ ምግብ ይመረጣል። ነገር ግን ሐኪሙ ሳያውቅ ምግቡን አትቀይሩ፤ የኢንሱሊን ፍላጎቷ ወርዶ ስኳሯ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ካልበላች የተለመደውን መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት ደውሉ።

ታይሮይድ፦ አዮዲኑ የተቀነሰ ምግብ የሚሠራው ሌላ ምንም ካልቀመሰች ብቻ ነው። ከጎረቤት የምትበላ ድመት ላይ አይሠራም።

አንጀት፦ ቫይታሚን ቢ12 እንዲለካ ጠይቁ። ካነሳት ሌላው ሕክምና ሁሉ ይዘገያል።

ቤት ውስጥ አብስሎ ማብላት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ፍላጎታችሁ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ሥጋ ብቻውን ግን በቂ ካልሲየም የለውም፤ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነሳት ድመት ዓይኗና የልብ ጡንቻዋ ይጎዳሉ፤ ጉበት የበዛበት ምግብ ቫይታሚን ኤ ያበዛባታል፤ ጥሬ ዓሣ አዘውትራ የምትበላ ቫይታሚን ቢ1 ያንሳታል። የውሻ ምግብም አይተካም። የእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ በግራም የጻፈው ዝርዝር ይኑራችሁ፤ ከዝርዝሩ ላይ «ይህ ባይኖርስ?» ብላችሁ አንድም ነገር አታስቀሩ።

ደረጃ 9፦ ከተሻላት በኋላ

በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሚዛን መዝኗት። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 200 ግራም ከቀነሰች፣ እየበላች ብትሆንም፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቁ ደውሉና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።